ቁጥር የሌለው ኬብል

ሟቹ በሁለት ክፍል መካከል፣ የበሩ ደፍ ላይ፣ በደረቱ ተደፍቶ ነበር። እግሮቹ ቀረጻ ክፍል ውስጥ ቀርተዋል፤ ጭንቅላቱ መቆጣጠሪያ ክፍል ገብቷል። ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጥቁር ኬብል ሁለት ጊዜ ተጠምጥሟል። ከአጠገቡ የማይክ መቆሚያ ወድቋል፤ ክብ የብረት እግሩን ደም ነክቶታል። ግድግዳው ላይ ድምፅ እንዲውጥ የተለጠፈው የእንቁላል ካርቶን፣ ታጥቦ የማያውቀው ምንጣፍና ደሙ ሽታቸው ተደባልቆ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ኢንስፔክተር ሐመልማል አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ገባች። ሃያ ዓመት ፖሊስ ሆና ሠርታለች፤ ሬሳ አያስደነግጣትም። የሚያቅለሸልሻት በሬሳ ዙሪያ የሚቆመው ሰው ነው።

«ኢንስፔክተር፣ ነገሩ አልቋል» አለ ኮንስታብል ሚልክያስ። የቦምቤ ልጅ ነው፤ ወላይትኛ ሲያወራ ሰው አፉን ከፍቶ ይሰማዋል፣ አማርኛ ላይ ግን ወንድና ሴት ይደባለቅበታል። «ልጅቷ አምኗል። ኬብሉን መሬት ላይ የተወው እሱ ነው። ሟቹ ጠልፎት ወደቀ፣ ብረቱ መታው። ቃሉን ጽፌያለሁ፤ መፈረም ብቻ ነው የቀረው።»

«የቷ ልጅ?»

«ናዝራዊት። ከሟቹ ጋር የሚሠራው።»

ሐመልማል ጎንበስ አለች። ይድነቃቸው የአርባ ዓመት ሰው ነበር፤ ሶዶ ውስጥ መዝሙር የሚያስቀርጽ ሁሉ የሚያውቀው የድምፅ ባለሙያ። ፀጉሩን በብዕሯ ጫፍ ገለጥ አደረገች። ቁስሉ ከቀኝ ጆሮው ጀርባ ነበር።

«በደረቱ ወድቆ ከኋላ ተመታ?»

«ሲወድቅ ዞሮ ይሆናላ» አለ ሚልክያስ።

«ይሆናላ» አለች፤ ለሚልክያስ ብዙውን ጊዜ የምትመልስለት እንዲህ ነው።

ይህን ጊዜ የስቱዲዮው ባለቤት አቶ ወንደሰን ከኮሪደሩ ብቅ አለ። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ይደርሳል፣ ከንፈሩ መሐል ስንጥር ሰክቷል። ሬሳውን ሳይሆን ሰዓቱን ነበር የሚያየው።

«ልብ ይሰብራል። ወንድሜ ማለት ነበር» አለ። «ብቻ... መቼ ይነሳልናል? አሥር ሰዓት ላይ ከዱቦ መዘምራን ይመጡብናል። ሰው ቀጥሮ መመለስ ደግሞ ነውር ነው።»

ሐመልማል ቀና ብላ አየችው። ስንጥሩ ጫፍ ላይ ቀይ ሥጋ ተንጠልጥሏል። ወይ ጉድ! ሰው ደፉ ላይ ተዘርግቶ እሱ ጥርሱን ይጎረጉራል። መሐረቧን ወደ ኪሷ መለሰች።

«ምሳዎን የት በሉ?»

«ማዶ ቁርጥ ቤት። ከስድስት ተኩል ጀምሮ እዚያው ነበርኩ። ናዝራዊት ሰባት ተኩል ላይ ስትጮህ ነው ሮጬ የመጣሁት።»

«ሟቹን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሰላም ተባባልን፣ ቢሮዬ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።» ስንጥሩን ከአፉ አወጣና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅቷ ላይ እንዳትጨክኑባት። ዝርክርክ ናት እንጂ ክፉ አይደለችም። ጠበቃ እኔው አቆምልሻለሁ ብያታለሁ። ጥፋቷን አምና ትፈርምና ትገላገል።»

ርኅራኄ እንኳ ከዚህ ሰው አፍ ሲወጣ ይቀፋል።

እሱ ሲሄድ ሐመልማል የሟቹን ኪስ ፈተሸች። አራት ቦታ የታጠፈ ባለ ሣጥን ወረቀት አገኘች። ይድነቃቸው ስቱዲዮውን ከላይ እንደሚታይ አድርጎ ሥሎታል፤ የመብራት ገመዱን በቀይ፣ የድምፅ ኬብሉን በሰማያዊ። ከሥሩ የኬብሎቹ ዝርዝር አለ፤ ከአንድ እስከ አሥራ ስድስት። አንዱ ሰማያዊ መስመር ከቀረጻ ክፍሉ ወጥቶ በኮሪደሩ ግድግዳ ሥር ይሄዳል። ከጎኑ በትንንሽ ፊደል እንዲህ ተጽፏል፦ «እዚህ የስልክ ሽቦ አለ። ይነሳ ይሆን? ወንደሰንን ልጠይቅ።»

ቀረጻ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ኬብሎቹ በየመስቀያቸው ተጠቅልለው ተሰቅለዋል። በሁለቱም ጫፋቸው ነጭ ፕላስተር፣ ፕላስተሩ ላይ ቁጥር። እየነካካች ቆጠረቻቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች አሥራ ስድስት ደረሰች። አንድም አልጎደለም። ከዚያ ወደ ሬሳው ተመለሰችና ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለውን አየች። ፕላስተር የለውም፤ ቁጥር የለውም። አንዱ ጫፍ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ ትንሽ ጃክ አለው፤ ሌላው ጫፍ በመቁረጫ ተቆርጧል። ከመብራት ማከፋፈያው ገመድ ጋር ጎን ለጎን ተጋድሞ እስከ በሩ ደርሷል። ገልበጥ ስታደርገው አንድ ጎኑ በደረቀ አረንጓዴ ቀለም ተለቅልቋል።

ከተቆረጠው ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ቆርጣ ኪሷ ከተተች፤ ጃኩ ያለበትን ጫፍ አልነካችውም።

ናዝራዊት የዘማሪዎች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች። የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ናት፤ ከይድነቃቸው ጋር ስድስት ዓመት ሠርታለች። ጭኗ ላይ የሚልክያስ ወረቀት አለ፤ እስክሪብቶውንም ይዛዋለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች፣ ሐመልማል ገና ሳትቀመጥ።

«እንዴት አድርገሽ?»

«ቀረጻ ላይ ዝዝዝ የሚል ድምፅ እየገባ አስቸግሮን ነበር። ኬብሎቹን ሁሉ ነቅለን በአዲስ መንገድ ልንዘረጋቸው ሦስት ቀን ለፋን። እሱ ሕጉ አንድ ነው፤ መብራትና ድምፅ አብረው አይተኙም። ጎን ለጎን ከሄዱ የመብራቱ ጩኸት ድምፁ ውስጥ ይገባል። መሻገር ግድ ከሆነ እንኳ መስቀል ሠርተው ነው የሚተላለፉት። ዛሬ ጠዋት ቁጥር ሰባትን በበሩ አናት እናሳልፈው አለኝ። ደክሞኝ ነበር። ‹በደፉ ላይ ብናሳልፈው ምን ይሆናል?› ብዬ ጮህኩበት። መሬት ላይ ጥዬው ምሳ ወጣሁ። ስመለስ...»

እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው።

«ልጆቹን ምን ብዬ ነው የማያቸው? አባታችሁን የጣልኩት ስለደከመኝ ነው ልበል?»

ሐመልማል ወረቀቱን ከጭኗ ላይ አነሳችው።

«እኔ እስክነግርሽ እንዳትፈርሚ። ማንም ቢለምንሽ። ገባሽ?»

ናዝራዊት ራሷን ነቀነቀች፤ ፊቷ ግን እንደ ፈረመ ሰው ነበር። ይህ ወረቀት ቢፈረም በቸልተኝነት ሰው ገድላለች ተብላ ወህኒ መውረዷ ነው። ከወህኒ ትወጣ ይሆናል፤ ይድነቃቸውን ገደልኩት ከሚለው ግን ዕድሜ ልኳን አትወጣም።

«ኮሪደሩ ላይ የቆመችው ዘማሪት በበሩ ስታይሽ ፊትሽን አዞርሽባት። ተጣልታችኋል?» አለች ሐመልማል።

«በእምነት ትባላለች። ጓደኛዬ ነበረች።» ናዝራዊት ወደ መስኮቱ ዞረች። «አምና ሽል አስወርዶኝ ነበር። ለእናቴ እንኳ አልነገርኩም፤ ለሷ ብቻ፣ እዚሁ ሶፋ ላይ ነገርኳት። በሳምንቱ አቶ ወንደሰን እየሳቀ ‹ላንቺ አሁን ከባድ ዕቃ ማንሳት አይመከርም› አለኝ።»

ሐመልማል የሶፋውን መደገፊያ በጣቷ መታ መታ አደረገች።

በእምነት ኮሪደሩ ላይ ሻርፗን እያፍተለተለች ቆማለች። አልበሟ እዚህ ነው የሚቀረጸው።

«ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቀሻል አሉ» አለች ሐመልማል።

«ማነው ያለው? አቶ ወንደሰን ነዋ!» በእምነት ቱግ አለች። «አዎ፣ ተጨቃጭቄያለሁ። ድምፄ ውስጥ ንብ የገባ ነው የሚመስለው። ግን እሱ ምን ያድርግ? እያስተካከለ ነበር።»

«በምሳ ሰዓት ተመልሰሻል?»

ዓይኗን ሰበር አደረገች። «ሻርፔን ረስቼ... ከስድስት ተኩል ትንሽ ካለፈ በኋላ። አንስቼ ወዲያው ወጣሁ። ይጠረጥሩኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«ማንን አየሽ?»

«ማንንም። የይድነቃቸውን ድምፅ ግን ሰማሁ። ያ ሰው አይጮህም ነበር፤ ዛሬ ጮኸ። ‹ከተቀመጡበት ሥር! እንዴት አያሳፍርህም!› ሲል ሰማሁት። ስልክ የሚያወራ መስሎኝ ሄድኩ።»

«ናዝራዊት ምስጢሬን አወጣችብኝ ትላለች።»

«እኔ?!» በእምነት ደረቷን ያዘች። «እሷ ናት እንጂ የኔን! ባሌ እንደሚመታኝ ለሷ ብቻ ነግሬ፣ አቶ ወንደሰን ‹ባልሽ እጁ ተሻለው?› ብሎ ያፌዝብኛል። እህቴ ናት ብዬ አምኜ!»

ከሕንጻው ሥር የጀማለዲን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለ። ሰውየው ስልሳ አልፎታል፤ አባቱ ከስልጤ መጥተው የከፈቱትን ሱቅ ነው የያዘው። በሩ ላይ ስለሚቀመጥ ማን እንደወጣ ማን እንደወረደ ያያል።

«ዛሬስ አላየሁም ልጄ» አለ። «ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ሶላት ላይ ነበርኩ። ሚስኪን ይድነቃቸው! ያንን የመሰለ ሰው!»

ሐመልማል ከኪሷ ቁራጩን ኬብል አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረችለት። «ጋሽ ጀማለዲን፣ ይህ የእርስዎ ዕቃ ነው?»

መነጽሩን አድርጎ አገላበጠው። ፊቱ ተለወጠ።

«የኔ ነው። ይህን ቀጭኑን ከኔ በቀር እዚህ የሚያመጣው የለም። ይድነቃቸው ግን አይወስድም፤ ለሱ ወፍራሙን ነው፣ እሱንም በሙሉ ጥቅል። ይህን ለላይኛው ፎቅ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቆረጥኩት።»

«ለማን?»

ጀማለዲን መነጽሩን አወለቀ። «ወላሂ አውቃለሁ። ግን ጎረቤት ነን፤ ከኋላው አላማም። ሰውየው ባለበት ጠይቂኝ፣ ያን ጊዜ አልዋሽም።»

ሐመልማል ስትመለስ በኮሪደሩ በዝግታ ሄደች። ግድግዳው አረንጓዴ ነው፤ መስከረም ላይ ለጊፋታ በዓል አዲስ ተቀብቷል። ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ግን ጣት የማይሞላ ነጭ መስመር፣ የድሮው ቀለም፣ ኮሪደሩን ተከትሎ ይሄዳል። በየክንዱ የምስማር ቀዳዳ አለ። ሰው ግድግዳ ሥር አያይም፤ እሷ ግን ተንበርክካ አየች። ከዚያ ሚልክያስን ጠርታ በጆሮው ሁለት ትእዛዝ ሰጠችው። አንዱ ቁርጥ ቤት ሄዶ እንዲጠይቅ፣ ሁለተኛው ኬብሉን ከሬሳው እግር ፈትቶ እንዲያመጣ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ኮሪደሩ ላይ ተሰበሰቡ። ናዝራዊት ግድግዳ ተደግፋለች። በእምነት ከሷ ራቅ ብላለች። ጀማለዲን ቆቡን አስተካክሎ ቆሟል። አቶ ወንደሰን ቢሮው በር ላይ ሆኖ አሁንም ሰዓቱን ያያል።

«አላበዛም» አለች ሐመልማል። «ይድነቃቸው ተጠልፎ አልወደቀም። ተጠልፎ በደረቱ የሚወድቅ ሰው ከጆሮው ጀርባ አይቆስልም። ሰው ከኋላ ሆኖ በማይክ መቆሚያው መታው። ኬብሉ እግሩ ላይ የተጠመጠመው ከወደቀ በኋላ ነው።»

ናዝራዊት ቀና አለች።

«ናዝራዊት ቁጥር ሰባትን መሬት ላይ ትታ ሄዳለች። እውነት ነው። ቁጥር ሰባት ግን አሁን መስቀያው ላይ ነው። ይድነቃቸው አሥራ ስድስት ኬብል አለው፤ አሥራ ስድስቱም ተሰቅለዋል። እግሩ ላይ ያለው ቁጥር የለውም። ደግሞስ እንዴት ነው የተዘረጋው? ከመብራት ገመድ ጋር ጎን ለጎን! ናዝራዊት፣ እሱ ወይም አንቺ እንዲህ ታደርጋላችሁ?»

«ሞተን ነው!» አለች ናዝራዊት፤ ብላም አፏን ያዘች።

«ስለዚህ ያስቀመጠው የሙያው ሰው አይደለም። ኬብል ሁሉ አንድ የሚመስለው ሰው ነው። ይህን ኬብል መደበቅ ነበረበት፤ በጠራራ ፀሐይ ጥቅል ይዞ ደረጃ ቢወርድ ይጠየቃል። ኬብል የሞላበት ቤት ውስጥ ደበቀው፣ በዚያው ላይ ገዳይ አደረገው። ለምን መደበቅ አስፈለገው? ሚልክያስ፣ ዘርጋው።»

ሚልክያስ ከማረፊያ ክፍሉ ጀመረ። ኬብሉ ዓመታት የተኛበትን ቅርጽ አልረሳም፤ የታጠፈበት ቦታ ሁሉ እንደታጠፈ ነው። የመጀመሪያው እጥፋት የሶፋው ጀርባ ላይ ዋለ። ሁለተኛው የበሩ ማዕዘን ላይ። ከዚያ ነጩ መስመር ላይ አስተኛው፤ የኬብሉ አረንጓዴ ጎን ከግድግዳው አረንጓዴ ጋር ገጠመ። ሚልክያስ እየተንፏቀቀ ኮሪደሩን ጨረሰ፣ በአቶ ወንደሰን ቢሮ በር ሥር አሳለፈው። ጃኩ ጠረጴዛው ላይ፣ ላፕቶፑ አጠገብ ደረሰ።

«የስልክ ሽቦ ነው!» አለ ወንደሰን። «ድሮ የነበረ የስልክ...»

«ይድነቃቸውም እንደዚያ መስሎት ነበር። ከመብራት የራቀ መንገድ ሲፈልግ ይህን ግድግዳ መረጠ፤ ሽቦው ይነሳ እንደሆነ ወንደሰንን ልጠይቅ ብሎ ጽፏል። ጋሽ ጀማለዲን፣ አሁን ሰውየው ባለበት እጠይቅዎታለሁ።»

ጀማለዲን ወንደሰንን ፊት ለፊት አየው። «ሁለት ዓመት ሆኖታል። አሥራ ስምንት ሜትር ቆርጬልሃለሁ። ትንሿንም ማይክ ጨምረህ ወስደሃል። ‹ለምን?› ስልህ ‹ለልጄ ትምህርት› አልከኝ።»

በእምነት ወደ ማረፊያ ክፍሉ ዞረች፤ ሶፋውን አየችው። ቀስ በቀስ ገባት።

«እዚያ... እዚያ ተቀምጠን የምናወራውን?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ» አለች ሐመልማል። «ልብስ ስትቀይሩ፣ ስታለቅሱ፣ ስትጸልዩ። ቢሮውን ዘግቶ ይሰማችሁ ነበር። ይድነቃቸው ሽቦውን ተከትሎ ሶፋው ሥር ማይኩን አገኘ። የኬብሉ ጫፍ የተቆረጠው በኋላ ማይኩ ሲወሰድ ነው። በእምነት የሰማችው ጩኸት ስልክ አልነበረም። ‹ከተቀመጡበት ሥር› ያለው ለዚህ ሰው ነው። አቶ ወንደሰን፣ ከስድስት ተኩል ጀምሮ ቁርጥ ቤት ነበርኩ አሉኝ። ሚልክያስ?»

«ሰባት ሰዓት ነው የገባው» አለ ሚልክያስ። «እጁን ሁለት ጊዜ ታጥቧል። ግማሽ ኪሎ ቁርጥ በዳጣ በልቷል። ጮማ ያለው ይጨመርልኝ ብሏል።»

ኧረ በስመ አብ! የሰው ደም ታጥቦ ጥሬ ሥጋ ጎረሰ።

ወንደሰን ወደ ላፕቶፑ ተንቀሳቀሰ፤ ሚልክያስ ቀድሞ ደረሰና ያዘው። ያን ጊዜ የሰውየው ፊት ተልፈሰፈሰ። የሚገርመው አላፈረም፤ የተበደለ መሰለ።

«ምን አደረግኳቸው?» አለ። «አልነካኋቸውም። አንዷንም ጫፏን አልነካሁም። ሰማሁ እንጂ! ይድነቃቸው ነው ያካበደው። ላጥፋውና እንርሳው ብዬ ብለምነው እምቢ አለኝ። ስምንት ሰዓት ሲመለሱ ራስህ ንገራቸው፣ ካልነገርካቸው እኔ እነግራለሁ ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።»

በእምነት እግሩ ሥር ተፋች። ማንም አልከለከላትም። ጀማለዲን ፊቱን አዞረ።

ሚልክያስ ካቴናውን አግብቶ ወደ ደረጃው ሲወስደው ሽቶው ኮሪደሩ ላይ ቀረ። ሐመልማል መስኮት ከፈተች።

«ላፕቶፑ ውስጥ የተቀዳውን የሚሰማው ማነው?» አለች ናዝራዊት። ድምፅዋ አይሰማም ማለት ይቻላል።

«ማስረጃ ስለሆነ መሰማቱ አይቀርም። እኔ እሰማዋለሁ፤ በሬን ዘግቼ፣ ብቻዬን። ለወንዶቹ ፖሊሶች አልሰጥም።» ሐመልማል ላፕቶፑን ዘግታ በብብቷ ያዘችው። ሌላ ሰው የሰረቀውን የሴቶች ለቅሶ መስማት ሥራዋ ሆኖ ሊያድር ነው።

ናዝራዊት አሁንም አልተነቃነቀችም። «እርግጠኛ ነዎት? ቁጥር ሰባት...»

«ይድነቃቸው አንስቶ ጠቅልሎ ሰቅሎታል። አንቺ ምሳ ስትወጪ እሱ የተውሽውን አነሳ፤ ከዚያ ነው ኮሪደሩን ሊያይ የወጣው። አንቺ አልገደልሽውም፣ ናዝራዊት። ለልጆቹ እንደዚያ ብለሽ ንገሪያቸው።» ወረቀቱንም ሰጠቻት።

ናዝራዊት የሚልክያስን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ ቀደደችው፤ የተቀደደውንም እንደገና ቀደደችው። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እንባዋ መጣ፤ ከጠዋት ጀምሮ አልመጣላትም ነበር።

«ለምን ቀድሞ ለኛ አልነገረንም?» አለች። «ለምን ለዚያ ሰው ቀድሞ...»

«ራሱ እንዲናገር ዕድል ሊሰጠው ነዋ» አለች ሐመልማል። «ጨዋ ሰው ነበር።»

በእምነት ቀርባ ከናዝራዊት ጎን ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ ነሽ ብዬ እኮ ነው» አለች በእምነት።

«እኔም።»

«ሰላም ስትይኝ ፊቴን አዞርኩብሽ። ያን ጊዜ ታመሽ እንኳ አልጠየቅኩሽም። ናዚ፣ እኔ...»

«ዝም በይ» አለች ናዝራዊት። አፏን በእጇ ከደነችላት፤ ዓይኖቿ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ የእንቁላል ካርቶኖቹን ይዞራሉ። «እዚህ አትንገሪኝ። እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ቃል እንዳትናገሪ።»

ተደጋግፈው ተነሡ፤ ደረጃውን ወረዱ። ጀማለዲን ከኋላቸው ወርዶ ሱቁ በር ላይ ያለውን አግዳሚ ወንበር አራገፈላቸው፤ እነሱ ግን አልተቀመጡም። መንገዱን ተሻግረው፣ ባጃጆቹ እየጮኹ ማንም ማንንም በማይሰማበት አደባባይ መሐል ቆሙና፣ ጆሮ ለጆሮ ተጠጋግተው ማውራት ጀመሩ።